ብርሃን ዘኢትዮጵያ እቴጌ ጣይቱ ብጡል፤ የአዲስ አበባ ቈርቋሪና ሹመት ያልተጻፈላቸው የመጀመሪያዋ አስተዳዳሪዋ

ዛሬ ወልድያ፥ መርሳና ሐብሩ የሚገኙበት አገር ጥንቱን የጁ ይባላል። ከዚህ አገር የወጡት ወረ ሴህ የተባሉት መሳፍንት ከታላቁ ራስ ዓሊ ከ1776 ዓ.ም. ጀምሮ ዳግማዊ ራስ ዓሊ በአይሻል ጦርነት ድል እስከ ሆኑበት እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ፥ ነገሥታቱን በጎንደር በዙፋን አስቀምጠው ራሳቸው እንደራሴ እየሆኑ ሰባ ዓመት ያህል ገዝተዋል። ከእነዚህም መሳፍንት መካከል ስማቸው የገነነው የመርሳ ልጅ ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የአባታቸው ስም ከዛሬዋ ከመርሳ ከተማ ስም ጋር አንድ ነው። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው ብዙ ዘመን ገዙ፤ ልጃቸውን ወይዘሮ ሂሩትንም ለሰሜኑ ገዢ ለደጃዝማች ኃይለ ማርያም ዳሩላቸው። ከዚህ ጋብቻ ብጡል ኃይለ ማርያም ተወለዱ፤ ከብጡልና ከወይዘሮ የውብዳርም በኋላ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የተባሉት ጣይቱ ተወለዱ። እንግዲህ ዛሬ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ሆና የምትታየውን አዲስ አበባን የቈረቈሯትና ስም ያወጡላት ሴት በአባታቸው በኩል ከሰሜንና ከየጁ ቤት የሚወለዱ ነበሩ። ይህም የዘር ነገር ለክብራቸው ብቻ ሳይሆን ለውድቀታቸውም ምክንያት ሆኗልና፥ አስቀድሞ ሊነገር ይገባዋል።

የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ይባላል። ጣይቱ የሚለው ስም ፀሐይቱ ማለት ነው፤ ስለዚህም በነገሡ ጊዜ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለው ማዕርግ ሲጨመርበት ስሙና ማዕርጉ እንደ ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ገጠመ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ ፈትልና የቤት አስተዳደር ከተማረች ይበቃታል ይባል ነበር። ጣይቱ ግን ፊደል ቈጥረው ንባብና ጽሕፈት ተምረዋል፤ ግእዝንም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድሩ፥ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ሰንጠረዥ መጫወታቸው ለጨዋታ ያህል የሚነገር ቢመስልም፥ በኋላ በቤተ መንግሥት ሹመትንና ጋብቻን እያዩ እንዴት እንደ ደለደሉ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላል አያየውም።

የወረ ሴህ ኃይል በአይሻል ሲሰበር፥ የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤም በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል ሲሆኑ፥ ሁለቱም የዘራቸው ቤቶች በአንድ ጊዜ ወደቁ። የጣይቱ ወንድም ወሌ ብጡል ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ካሰሯቸው መሳፍንት አንዱ ነበሩ፤ በዚያም ከሸዋው አልጋ ወራሽ ከምኒልክ ጋር ተዋወቁ። የእስር ቤት ባልንጀርነት ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ይህ ግን አልተረሳም። ጣይቱ ከዚያ በፊት ትዳር ይዘው የፈቱ ነበሩ፤ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ግን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ቈርበው ተጋቡ። የቍርባን ጋብቻ መፍረስ የሌለበት ነውና፥ ይህ የተደረገው ታስቦበት እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ወሌ ብጡልም በኋላ ራስ ተብለው የየጁ ገዢ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ የንጉሥ ምኒልክ መቀመጫ በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበረ። እንጦጦ ለጦር ምሽግ ይመቻል፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። ለመኖሪያ ግን አስቸጋሪ ነበር፤ ብርዱና ነፋሱ ያስጨንቃል፥ በክረምት ነጐድጓዱ ይበረታል፥ እንጨቱም እየተቈረጠ አልቆ ማገዶ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ከተራራው በታች ፍል ውሃ የሚፈልቅበት ፊንፊኔ የሚባል ሜዳ ነበረ፤ የቤተ መንግሥቱ ሰዎችም ለመታጠብና ለመፈወስ እየወረዱ በድንኳን ይሰነብቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ የቦታውንም ማማር፥ የአበባውንም ልምላሜ አይተው አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ንጉሡ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው በተመለሱ ጊዜ አዲሱን ሰፈር አይተው ወደዱት፤ ለመኳንንቱም በየማዕርጋቸው ቦታ ይመሩ ጀመር። አንዲት ሴት ለመታጠቢያ የመረጠችው ቦታ የመንግሥት መቀመጫ የሆነው እንዲህ ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ አጋጣሚ ይቈጥሩታል፤ ነገር ግን የእንጦጦን ብርድና የእንጨት ችግር በየቀኑ የሚያየው በዘመቻ የሚከርመው ንጉሥ ሳይሆን፥ ለሺህ ሰው እንጀራ የሚያስጋግረው የእቴጌ ቤት ነበርና፥ ምርጫው ከኑሮ እውቀት የመጣ ነው።

አዲስ አበባ በመጀመሪያ እንዴት ትተዳደር እንደ ነበር ለመረዳት ከተማ የሚለውን ቃል ማስተዋል ያስፈልጋል። ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነውና፥ የጥንቱ የንጉሥ ከተማ የቆመ የጦር ሰፈር ነበር። በሰፈሩ መካከል የንጉሡ ድንኳን ይተከላል፤ ፊታውራሪው በፊት፥ ቀኛዝማቹ በቀኝ፥ ግራዝማቹ በግራ፥ ደጀኑም በኋላ ይሰፍራል። እቴጌይቱም የራሳቸው ድንኳን፥ የራሳቸው አዛዥ፥ የራሳቸው ጦርና ስንቅ ቤት አላቸው። ጨለማ ቢሆን እንኳ ወታደሩ ጌታው ከንጉሡ ድንኳን በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። አዲስ አበባ የተተከለችው በዚህ ሥርዐት ነው። ግቢው በኮረብታው ላይ ቆመ፤ በዙሪያውም እያንዳንዱ ራስና ደጃዝማች የራሱን ጕብታ ይዞ አዳራሹን ሠራ፥ አሽከሩና ወታደሩም ከበታቹ ጎጆ ቀለሰ። የራስ መኰንን ሰፈር፥ የደጃች ውቤ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ ሥርዐት የቀሩ ናቸው። እዚህ ላይ የተጠቀሱት ደጃች ውቤ የሸዋው ውቤ አጥናፍ ሰገድ እንጂ የእቴጌይቱ አጎት አይደሉም፤ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል።

በዚህ ሥርዐት በየሰፈሩ ዳኛው የሰፈሩ ጌታ ነው። አሽከሩ ቢሰርቅ፥ ቢጣላ፥ ቢካሰስ፥ ነገሩ በጌታው ደጅ ያልቃል። በአራዳ ገበያ ደግሞ ነጋድራሱ በነጋዴዎች ላይ ይፈርዳል፥ ቀረጡንም ይሰበስባል። ነገር ግን በሰፈርና በሰፈር መካከል ያለው ወንዝና ገደል የማንም አልነበረም፤ በሌሊት የሚያልፍ ሰው ወንበዴም ጅብም ይይዘዋል። ከሰፈሮቹ አንዱ እስከ ዛሬ እሪ በከንቱ ተብሎ የሚጠራው፥ በዚያ የሚጮኽ ሰው ደራሽ ስላላገኘ እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዲህ የከተማዋ ትልቁ ጉድለት ከመጀመሪያው ይህ ነበር፤ ለየጌታው ሰው ዳኛ አለው፥ ለሁሉ የሚሆን ሹም ግን የለም። ይህን ጉድለት እስኪሞላ ድረስ የሁሉም ጉዳይ ተጠቃሎ የሚደርሰው ወደ ግቢው ነበር፤ በግቢውም ውስጥ የምግቡ፥ የመጠጡ፥ የግምጃ ቤቱ፥ የእልፍኙና የሴት ሠራተኛው ሁሉ አለቃ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ።

ይህ ነገር ትንሽ መስሎ እንዳይታይ። የምኒልክ ግብር የሚበላው ሰው በበዓል ቀን ብዙ ሺህ ነበር። ግብር ማለት መብላትና መጠጣት ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ፊት እንደሚቀመጥ፥ ማን ጠጅ ማን ጠላ እንደሚጠጣ፥ ማን ብርንዶ እንደሚቀርብለት የሚታይበት የማዕርግ መዝገብ ነው። ለዚህ ሁሉ እህሉ ከየአገሩ ይገባል፥ ማሩ ይጣላል፥ እንጀራው ይጋገራል፥ እንጨቱና ውሃው ይጓጓዛል። አንዲት አዲስ ከተማ በስንቅ እጦት ሳትፈርስ የቆመችው በዚህ ሥራ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ፥ ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ ገበሬው የሚያርስበት በሬ ባጣ ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ፤ የግቢውም ጎተራ ለተራበው ሰው ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ጎተራውን የሚያውቅ ሰው ከተማውን ያስተዳድር ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ንጉሥ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በሦስተኛው ቀን፥ ጥቅምት 27፥ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ነገሡ። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመው በውጫሌ ነበር። ውጫሌ ከሐብሩ ወደ ደሴ ሲወረድ በመንገድ ላይ የምትገኝ የአምባሰል ከተማ ናት፤ ስለዚህ የዚያ ውል ነገር ለዚህ አገር ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያኑ ጽሑፍ ሳይስማማ ተገኘ፤ አማርኛው ኢትዮጵያ ብትፈልግ በኢጣልያ አማካይነት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ልትላላክ ትችላለች ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በዚህ ክርክር ከሁሉ ይልቅ ጸንተው የቆሙት እቴጌይቱ ነበሩ። ጦርነቱም በመጣ ጊዜ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ፤ በመቀሌ ምሽግ ውስጥ ያለው ጠላት የሚጠጣው ምንጭ እንዲያዝበት ያደረገው ምክር የእሳቸው ነው። በዐድዋም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጦሩ መካከል ነበሩ፤ ወንድማቸው ራስ ወሌም የየጁን ጦር ይዘው ተሰልፈው ነበር። የዐድዋ ነገር በብዙ መጻሕፍት ስለ ተጻፈ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። ለአዲስ አበባ ግን ዐድዋ ያመጣላት ነገር ሊነገር ይገባል።

ከዐድዋ በፊት አዲስ አበባ ነገ ልትነሣ የምትችል ሰፈር ነበረች፤ የእንጦጦ ዕጣ እንዳይደርስባት የሚያግዳት ነገር አልነበረም። ከድሉ በኋላ ግን ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረንሳይ፥ የእንግሊዝ፥ የሩሲያና የኢጣልያ መልክተኞች መጡ፤ ቦታ እየተመሩም የድንጋይ ቤት ሠሩ። ውሃ ከእንጦጦ ተራራ በቧንቧ ወደ ግቢው ወርዶ ነበር፤ የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦም ተዘረጋ። ሆኖም የማገዶ እጦት እንደገና መጣ። በ1890ዎቹ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግቢ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያዳናት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በገንዘብ የተሠራው የድንጋይ ቤት በቀላሉ የማይተው መሆኑ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፥ ቢቈረጥም ያቈጠቍጣል፤ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ እንጦጦንና የከተማውን ዙሪያ ሸፈነው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ግቢም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። አንዲት ከተማ ለዛፍ ባለዕዳ መሆኗ የሚያስገርም ነው።

እቴጌ ጣይቱ በዚህ ዘመን ከተማዋ የሚጐድላትን ነገር ማየት አላቆሙም። እንግዳ ሲመጣ የሚያርፍበት ቤት አልነበረም፤ የውጭ አገር ሰውም በድንኳን ወይም በወዳጁ ቤት ያድር ነበር። ስለዚህ በአራዳ አጠገብ ሆቴል አሠርተው በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የእቴጌ ሆቴል ተባለ። ምግብ በገንዘብ መሸጥ በመኳንንቱ ዘንድ እንደ ነውር ይታይ ነበርና፥ ሰው እንዲለምድ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው እንደ ከፈሉ ይነገራል። ግብር በነፃ በሚበላበት አገር እንጀራ በዋጋ እንዲሸጥ ያደረጉት የግብሩ እመቤት መሆናቸው ልብ የሚባል ነው፤ በሰፈር ሥርዐት የተተከለችው ከተማ የንግድ ከተማ ልትሆን እንደ ሆነ ከብዙዎቹ ራሶች አስቀድመው የተረዱ ይመስላል። ያ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ተጐድቷል፤ ስሙ ግን ከዘመን ወደ ዘመን አልፏል። ከዚህም ሌላ ለእርሻና ለንግድ ብድር የሚሰጥ ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ፤ በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መርጃ የሚሆን ቤትም አሠሩ።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዘጠኝ ሚኒስትሮችን ሾሙ። ከእነርሱም አንዱ የእርሻ ሚኒስትር የሆኑት ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ነበሩ። ከንቲባ የሚለው ማዕርግ በጎንደር ዘመን የከተማው ሹም የሚጠራበት ነው፤ እቴጌ ጣይቱም በጎንደርና በደብረ ታቦር አጠገብ ያደጉ ስለ ሆኑ ስሙ ለእሳቸው እንግዳ አልነበረም። በዚያው ወራት የአዲስ አበባ ባለ ርስት ቦታውን በጽሑፍ እንዲይዝ ሕግ ወጣ፤ ቀጥሎም አራዳ ዘበኛ ተቋቁሞ የከተማውን ሌሊት ይጠብቅ ጀመር። የእሪ በከንቱ ዘመን ማለቅ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የከተማው አስተዳደር ከግቢው ጓዳ ወደ መዝገብና ወደ ሹም እየወጣ ሄደ። ሥራው ሲጀመር የነበሩት እቴጌይቱ ግን በመዝገቡ ላይ ስም አልነበራቸውም፤ እቴጌ የሚለው ማዕርግ ከከንቲባ ይበልጣልና ማንም አላሰበውም። አንዲት ሴት ከንቲባ ተብላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የተሾመችው ከተማዋ ከተቈረቈረች ከ134 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸውም ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ታሪክ የኀዘን ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ በደዌ ተይዘው ሰውነታቸው እየደከመ ሄደ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያም በጸናባቸው ሕመም አንደበታቸው ተያዘ። የልጃቸው ልጅ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ተባሉ፥ ራስ ተሰማ ናደውም እንደራሴ ሆኑ። ነገር ግን በሽተኛው ንጉሥ ያሉበት እልፍኝ በእቴጌይቱ እጅ ነበርና፥ ትእዛዝ የሚወጣው ከዚያ ነበር። ሹመት ሰጡ፥ ሻሩም። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አግብተው በቤጌምድር ላይ ኃይለኛ ሆኑ። ልጅ ኢያሱም በ1901 ዓ.ም. ከራስ መንገሻ ዮሐንስ ልጅ ከሮማነ ወርቅ ጋር ተጋቡ፤ የሮማነ ወርቅ እናት ወይዘሮ ከፈይ የራስ ወሌ ልጅ ነበሩ። እንዲህ ሆኖ በየጁ፥ በቤጌምድርና በትግሬ ያለው የጋብቻ ገመድ ሁሉ ጫፉ በእቴጌይቱ እጅ ተያዘ።

የሸዋ መኳንንት ይህን አይተው ፈሩ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ የወረ ሴህ ዘመን ካለፈ ሃምሳ ሰባት ዓመት ብቻ ነበርና፥ ንጉሥ በእልፍኝ ተኝቶ ሌላው በስሙ የሚገዛበት ነገር ትዝ የሚለው ሰው ገና አልጠፋም። በሌላ ወገን ግን ፍርዱ ሚዛን ያስፈልገዋል። ራስ ተሰማ ራሳቸው ሕመምተኛ ነበሩ፤ መኳንንቱም እያንዳንዱ ለዘመዱ ሹመት የሚፈልግ ነበር። ዘመድን መሾም በዚያ ዘመን የሁሉ ልማድ ነው፤ የእቴጌይቱ ዘመዶች ከሰሜን በኩል መሆናቸው ግን ልማዱን በደል አስመሰለው። በእሳቸው በኩል ያለው ጥፋትም አይሸሸግም። ሹም ሽሩ ከመጠን በላይ ፈጣን ነበር፤ ለዐሥራ ሁለት ዓመት የተሠራበትን ሰው በአንድ ቀን ቃል መሻር ወዳጅን ጠላት ያደርጋል። ከሁሉ ይልቅ የጐዳቸው ከተማዋን ከማንም ይልቅ ያውቁ የነበሩት እሳቸው ሳሉ፥ በከተማዋ ውስጥ የሰፈረውን የመሐል ሰፋሪውን ወታደር ልብ ሳያዩ መቅረታቸው ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ሌሎቹ መኳንንት ከመሐል ሰፋሪው ጋር ተማክረው፥ ነገሩን በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት አቀረቡ። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተነገራቸው። ደም አልፈሰሰም፤ ይህም ለሁለቱም ወገን የሚመሰገንበት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ሁሉ በር የሚከፈትላቸውና የሚዘጋላቸው ግቢ ለእሳቸው የአንድ እልፍኝ ቤት ሆነ። ሹመታቸውም ተሻረ፤ ራስ ጉግሣ ወሌ ታሰሩ። በየጁ በኩል የራስ ወሌ ቤት ያዘነውን ኀዘን የሚገምተው ሰው ብዙ ነው፤ ከአይሻል በኋላ ሁለተኛ ጊዜ የተነሣው የዚያ ዘር ተስፋ በአንድ ቀን ጠወለገ።

ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል አስታመሙ። በሽታው ረጅም፥ ምስጢሩም የተጠበቀ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እንኳ ሞታቸው በዐዋጅ አልተነገረም። ባላቸውን አልቅሰው ለመቅበር ያልተፈቀደላቸው እቴጌ ወደ እንጦጦ ተላኩ፤ በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀመጡ። ዘውድ የጫኑበት ደብር የግዞታቸው ቦታ ሆነ። እንጦጦ ግን እሳቸው ትተዋት የወረዱት ተራራ አልነበረችም፤ ባሕር ዛፍ ሸፍኗት ነበር። ከዚያ ተራራ ላይ ሆኖ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው አዲስ አበባ በሙሉ ትታያለች። የመኳንንቱ ሰፈሮች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ፥ በመካከላቸው ያለው ሜዳ በጎጆ ሲሞላ፥ በቆርቆሮ ክዳን የተሸፈነው ቤት ሲበዛ አዩ። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ከተማው ደረሰ።

በዚያው ዓመት ነገር ተገለበጠ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆኑ፤ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ነገሡ። የጣይቱ የእንጀራ ልጅ ስለ ሆኑና የወንድማቸው ልጅ ሚስት ስለ ነበሩ ዘመድ የነገሠላቸው ይመስል ነበር። ግን መኳንንቱ ራስ ጉግሣ ወሌ ከንግሥቲቱ ጋር እንዳይኖሩ ለይተው ወደ ቤጌምድር ላኳቸው፤ የብጡል ቤት ተመልሶ በግቢው እንዳይሠለጥን ነው። በማዘጋጃ ቤቱም ሥራ ላይ ብላታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ተሾሙ። እሳቸው ከቅኔ ቤት ወጥተው የከተማ አስተዳዳሪ የሆኑ ሊቅ ናቸውና፥ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህ መታወስ ይገባዋል። ከእሳቸውም በኋላ ነሲቡ ዘአማኑኤል ከንቲባ ሆኑ፤ በኋላም በደጃዝማችነት በ1928 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የደቡቡን ጦር መርተው ተዋጉ። የከተማው ሹመት ከዚያ ወዲህ በመዝገብ የሚከተል ሆነ።

እቴጌ ጣይቱ እርጅናና ሕመም ሲበረታባቸው ወደ ጎንደር ሄደው በዚያ ዕድሜያቸውን ለመጨረስ ጠየቁ። መንግሥቱ ሰሜንን ይፈራ ስለ ነበር አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፥ ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡ በዓመቱ በዚያችው ቀን፥ በእንጦጦ ዐረፉ፤ በማርያም ቤተ ክርስቲያንም ተቀበሩ። ወንድማቸው ራስ ወሌም በዚያው ዓመት አረፉ። ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ፥ በሦስተኛውም ቀን ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ።

በአዲስ አበባ ከግቢው አጠገብ ለዐፄ ምኒልክ መቃብር የታነጸው የበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ በተፈጸመ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም ወደዚያ ተዛወረ። የእቴጌ ጣይቱም ዐፅም ከእንጦጦ ወርዶ በባላቸው አጠገብ ተቀመጠ፤ በሌላውም ወገን ንግሥት ዘውዲቱ ተቀብረዋል።